በየትኛው በር

ሐረጎን ስወርድ ጉም መንገዱን ውጦ፣
የአይሱዙው ሾፌር በመስኮት አፍጥጦ፣
ስልኬ ሰባት ጊዜ ጮኸ ደጋገመ፤
«ቶሎ ነይ፣ ሚዛኑ ቃል መስጠት አቆመ።»
ዝናቡ ከሰዓት መብራት ይዞ ሄደ፣
ማታ ሲመልሰው ነገር ተወላገደ።

ኮምቦልቻ ስገባ ሹራቤን አወለቅሁ፣
ከደረቁ ወደብ ደጅ መኪና ቆጠርሁ፤
ዐሥራ ዘጠኝ ተሳቢ ተራውን ጠብቆ፣
አንዱ ረዳት ካርቶን ላይ በእንቅልፍ ወድቆ።
ባሕር የሌለው ወደብ፤ ማዕበሉ ክላክስ፣
አምባረቀብኝ ከቢሮው እስክደርስ።

ማሽኑ ጥግ ይዟል፣ ኩርፊያ ተከናንቦ፣
አራት የኔትወርክ ካርድ በጀርባው ደራርቦ፤
አንዱ ለሚዛኑ፣ አንዱ ለካሜራው፣
አንዱ ወደ ውጭ ነው፣ ጉምሩክ የሚጠራው፤
አራተኛው ባዶ። ለምን እንደ ገዙት
እንኳን እኔ ቀርቶ ገዢዎቹም አያውቁት።

ፒንግ አልሁ። ዝም። ደግሜ ፒንግ አልሁ።
ድምፄስ ይወጣል፣ መልሱን ነው ያጣሁ።
መብራቷ ብልጭ ድርግም ትላለች፣
ካርዷ አለሁ ባይ ናት፣ አድራሻም ይዛለች።
ገመድ ቀየርሁ። ስዊቹን አጥፍቼ አበራሁ።
ከዚያ እንደ ሁሉ ሰው፣ ማሽኑን ተሳደብሁ።

ዘበኛው ጋሽ አሊጋዝ ከደፉ ቆሞ
«ስንት መውጫ አለው?» ጠየቀኝ አዝግሞ።
«ሁለት» አልሁት።
«እኔ አንዷን ስጠብቅ ዕድሜዬን ጨረስሁት።
በፊት በር የገባ በጓሮ ሲወጣ
መዝገቤ ምን ይላል? የገባው ሰው ጠፋ፣ ያልገባ ሰው ወጣ።»

ልስቅ ብዬ ተውሁት።

መንገዱን ዘርግቼ መስመር በመስመር ሳይ፣
ሁለት ዋና መውጫ ተጽፏል ላይ በላይ።
ሁለት እግር አለኝ ብሎ ሁለት ዛፍ ሊወጣ፣
መልሱን ለካሜራ ሰጠ፣ ጉምሩክ መልስ አጣ።
ሌላም ጉድ ነበረ። መብራት ሲመለስ፣
ካርዶቹ ሲባንኑ፣ ተራቸው ሲፈርስ፣
የትናንቱ አንደኛ ዛሬ ሁለተኛ፤
ቀድሞ የነቃው ስም ወሰደ፣ ቀማኛ።
ሚዛኑን ስጠራ ካሜራው አቤት አለ።
እንዲህ ያለ ነገር እኔም ቤት ነው ያለ።

እናቴ ደሴ ላይ ፈትለወርቅ አለችኝ፣
የአባቴ እኅት ሐርቡ ሰዓዳ ብላ ያዘችኝ።
ባንዱም አቤት፣ በሌላውም አቤት።
አባቴን የቀበርን ዕለት ግን፣ ለቅሶ ቤት፣
ሼህ ሙዘይን እጄን ይዘው
«አላህ ሶብሩን ይስጥሽ» ቢሉኝ
«እግዜር ይስጥልኝ» አልሁ።
መልሴ በሌላው በር ወጣ።
አክስቴ ነጠላዋን አፏ ላይ ጫነች።
ሼሁ ግን አልጣሉትም፤
«አሚን» ብለው ተቀበሉት።

ጉምሩክ ያለው ማሽን እንዲህ ያለ ሆድ የለውም፤
ባልጠራው በር ለመጣ መልስ አይከፍትም።

ካርዶቹን አንድ በአንድ በባትሪ አየኋቸው፤
ከፋብሪካ የመጣ ቁጥር አለባቸው፣
ቢነቁ ቢተኙ የማይለቅ ምልክት፣
እንደ ማርያም ስሞሽ አብሯቸው የኖረበት።
ስምን ከዚያ ቁጥር ጋር አሰርሁ።
አንዱን ዋና መውጫ ሰረዝሁ።
«የተጠራ ሁሉ በተጠራበት ይመልስ» ብዬ ጻፍሁ።
ከቦርሳዬም ቀዩን የጥፍር ቀለም አውጥቼ
ለሚዛኑ አንድ ነጥብ፣ ለካሜራው ሁለት፣ ለውጩ ሦስት ነካሁ፤
ነገ እኔን ተክቶ፣ እንደ እኔ ላብ በላብ ሆኖ ለሚንበረከክ ሰው።

ፒንግ አልሁ።
መለሰ። ቶሎ፣ ምንም እንዳልተፈጠረ፣
እንደ ልጅ።

የመጀመሪያው ተሳቢ ሚዛኑ ላይ ወጣ፤
አርባ ሁለት ቶን፣ ብረት። ደረሰኙ መጣ።
ካርቶን ላይ የተኛው ልጅ ዐይኑን እያሸ
ጎማውን በርግጫ መታ፣ ነቅተሃል ወይ እንደ ማለት።

አራተኛዋ ካርድ ጨለማ ናት አሁንም።
ነጥብ አልሰጠኋትም። ትቆይ። ባሕር አይታወቅም።

ስወጣ ጋሽ አሊጋዝ መዝገቡን ገለጠ፤
«ስም?» አለኝ።
ስገባ በየትኛው ነበር ያስጻፍሁት?
ዝም ስለው ቀና ብሎ አየኝ፣
ጣቱን ልሶም
ገጹን ወደ ኋላ ገለበጠ።